ስፌቱ የነበረበት ቦታ

ባለቤቴ ኑርዬ አንድ ሥራ ከያዘ ቤቱ የሥራው ይሆናል፣ እኛ እንግዳ። በ2014 ግንቦት ላይ የያዘው ሥራ የስኩተር ፕላስቲክ መቀባት ነበር። ስኩተሩ የእኛ አይደለም፤ የኃይለ ሚካኤል ነው፣ አደራ ነው። የራሳችን ቢሆን ኖሮ ጭቃውን እንኳ አይጠርግለትም ነበር። የቤታችን በር ቀለሙ ከተላጠ ስንት ዘመኑ ነው፣ ዞር ብሎ ያየው የለም።

ኃይለ ሚካኤል የኑርዬ ሸሪክ ነው። ኑርዬ ሐይቁ ዳር ከአስጋሪዎቹ ዓሣ ይረከባል፣ ኃይለ ሚካኤል በስኩተሩ ጭኖ ውጫሌ ገበያ ያደርሳል። የቤተ ክህነት ትምህርት ጀምሮ ያቋረጠ ሰው ነው። በጾም ዓሣ በአፉ አይዞርም፣ ለሚበሉት ግን ሰዓት አያሳልፍባቸውም። ኑርዬ በዚህ ሲያበሽቀው «እኔ ጫኝ ነኝ፤ የሚጠየቀው በላተኛው ነው» ይለዋል።

ስኩተሩን የገዛው በ2011 ዓ.ም. ነው፤ ሰው ሁሉ በየሄደበት «ለውጥ» የሚልበት ሰሞን። ኃይለ ሚካኤልም ለውጥ ከመጣ በእግር መሄዱ ይቅርብኝ ብሎ ገዛ። ሰማያዊ ነበር። ገና በመጀመሪያው ሳምንት፣ መንዳት ሲለማመድ፣ ኑርዬን ከኋላ አፈናጦ ሐይቁ ዳር ተጥሎ ከሚኖር አሮጌ ጀልባ ጋር ተላተመ። ጉልበታቸው ከመላጡ በቀር ሁለቱም ደኅና ነበሩ። የስኩተሩን ደረት የሚሸፍነው ፕላስቲክ ግን ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ኑርዬ ያን ቀን ፈርቶ መንዳት ልማር ሳይል ቀረ። ቦታው ከኋላ ሆነ፤ ከዓሣው ጋር ተጭኖ ይሄዳል፣ ተጭኖ ይመለሳል።

ኃይለ ሚካኤል አዲስ ፕላስቲክ ከደሴ ላስመጣ ሲል አማቴ እትዬ አሲያ ተቆጡ። «ይህ ምኑ ይጣላል? ቅል ተሰነጠቀ ተብሎ ይጣላል እንዴ?» አሉ። ወስፌ አግለው የስንጥቁን ግራና ቀኝ በሱት፤ ከዚያ በመረብ ክር ግጥም አድርገው ሰፉት፣ በልጅነታቸው የተሰነጠቀ የወተት ቅል ይሰፉ በነበረበት አሰፋፍ። ኃይለ ሚካኤል ስፌቱን ወደደው። ዓሣ ሲመዘን፣ ሰው ሲጠብቅ፣ ቆሞ ሲያወራ ጣቱ ስፌቱ ላይ ነው። መቁጠሪያ የያዘ ይመስል ነበር። የአዲሱ ፕላስቲክ ነገርም በዚያው ተረሳ።

በ2013 ነሐሴ ክተት ሲባል ኃይለ ሚካኤል ዘመተ። ሊሄድ ሲል ስኩተሩን እየገፋ መጥቶ ቁልፉን ለኑርዬ ሰጠው። «አደራ» አለው፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ኑርዬም «አላህ በሰላም ያገናኘን» አለው። ወንዶች ሲለያዩ ንግግር ያጥራቸዋል፤ እኔና ሚስቱ ሰሎሜ ግን በር ላይ ቆመን የቀረውን አወራንላቸው።

ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ከተማችን ሐይቅ ገባ። ኑርዬ ፕላስቲኮቹን አንድ በአንድ ፈትቶ በማዳበሪያ ጆንያ ከተተና ከፍየሎቹ በረት፣ ከጭዱ ሥር ቀበራቸው። ብረቱን ጓሮ አጋድሞ አሮጌ መረብ ጣለበት። ቤታችንን የፈተሹት ሰዎች መረቡን ገልጠው አዩት። ልብሱን የተገፈፈ ስኩተር ለማንም አያምርም፤ ባትሪውንና የጭስ ማውጫውን ፈትተው የቀረውን ተዉት። ፍየሎቹን ግን ነድተው ሄዱ። ጭዱን የፈለገ አልነበረም።

ኅዳር ማለቂያ ላይ ከተማው ሲለቀቅ ጆንያዎቹን አወጣን። የፍየል ሽንት ምን እንደሚያደርግ ያን ቀን ነው ያየሁት። ሰማያዊው ቦታ ቦታውን ቢጫ ሆኗል፣ ተልጧል፣ የቀኙ ጎን ደግሞ ተጣሟል። ኃይለ ሚካኤል ግን የት እንዳለ አይታወቅም ነበርና ፕላስቲኮቹን ግድግዳ ጥግ ደርድረን ተውናቸው። አልፎ አልፎ ኑርዬ አንዱን ያነሣና አገላብጦ ያስቀምጠዋል። ስለ ሰውየው ማውራት ሲከብደው እንደዚያ ያደርግ ነበር።

ግንቦት ላይ ሰሎሜ እየሮጠች መጣች። በስልክ አግኝታዋለች፤ አዲስ አበባ ሆስፒታል ነበር፣ በሚመጣው ቅዳሜ ይገባል። «ተመትቶ ነበር፣ አሁን ደኅና ነው» አለች። «ዓይኑን ትንሽ ነክቶታል፣ መነጽር አድርጌያለሁ ነው ያለኝ።» እልል አልን፣ ተቃቀፍን። ኑርዬ ከእኛ ጋር ትንሽ ቆይቶ ወደ ግድግዳው ሄደ፣ ፕላስቲኮቹን አያቸው። «አደራ እንደተሰጠ ነው የሚመለስ» አለ። በዚያው ቤቴን አጣሁ።

አሠራሩን ከስልኩ ላይ ተማረ። የማናውቀውን ቋንቋ የሚናገር አንድ ሰውዬ ቪዲዮ ላይ ፕላስቲክ ይቀባል፤ ኑርዬ እያቆመ፣ እየመለሰ ያየዋል። መጀመሪያ በኦሞ አጠባቸው። ደግሞ አጠባቸው። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት ውኃ ውስጥ እየነከረ ፈገፈጋቸው፤ በሻካራው ጀመረ፣ በለስላሳው ጨረሰ። መንከሪያው የእኔ ድስት ነው። ግቢዬ ሰማያዊ ጭቃ ሆነ። አንዱን ትንሽ ፕላስቲክ በቲነር እሽት ቢያደርገው ፊቱ ተጨማደደ፤ ከዚያ በኋላ ነው ጨርቁን ነካ አድርጎ ወዲያው ማንሳት የተማረው። ሰውዬው ቪዲዮው ላይ ይህንን ተናግሮ ይሆናል፣ ማን ሰማው።

ሥራው ስፌቱ ላይ ደረሰ። ኑርዬ ክሩን በምላጭ እየቆረጠ አወጣው። እትዬ አሲያ በር ላይ ቆመው ያያሉ።

«አወጣኸው?» አሉ።

«አወጣሁት እማ። ከኋላው በሙጫና በጨርቅ እይዘዋለሁ፣ ከፊቱ ስቱኮ ይገባበታል። ምንም አይታይም።»

«ምንም እንዳይታይ ነው የምትፈልገው?»

«እንዳዲስ እንዲሆን ነዋ።»

እትዬ አሲያ ዝም አሉ። እሳቸው ሲቆጡ አልፈራም፤ ዝም ሲሉ ነው የምፈራው። ኑርዬ ግን ሥራ ይዟል፣ የእናቱን ዝምታ አልሰማም። በማግስቱ ከኋላ ደገፈው፣ ከፊት ስቱኮውን ሞላው፣ ሲደርቅ ፈገፈገው። እጄን ሳሳልፍበት ስንጥቁም ቀዳዳውም የለም። እውነቱን ለመናገር አደነቅሁት፤ አልነገርኩትም እንጂ።

ቀለሙን ፍለጋ ትንሿን ፕላስቲክ በፌስታል ይዞ ደሴ ሄደ። ሱቆቹ ገና ከዘረፋው እያገገሙ ነበር፤ መደርደሪያቸው ላይ ያለው የሌለ ያህል ነው። ያገኘው ስፕሬይ ሰማያዊ ነው፣ ግን የኃይለ ሚካኤል ሰማያዊ አይደለም፤ ትንሽ ይጠቁራል። ቤት ሲመጣ ሁለቱን ጎን ለጎን ይዞ ፀሐይ ላይ አየ፣ ጥላ ውስጥ አየ። «ትንሽ ነው ልዩነቱ» አልኩት። «አደራ ላይ ትንሽ የለም» አለኝ። እራቱንም አልበላም።

መቀባቱ ቤት ውስጥ ሆነ፤ ውጭ ነፋስና አቧራ ነው። ቁርኣኑን ጠቅልዬ ጎረቤት አደረስኩ፣ ፍራሹን አወጣሁ። ኑርዬ ወለሉ ላይ ውኃ ረጨ፣ ፕላስቲኮቹን ከጣሪያው ማገር በሽቦ አንጠለጠላቸው፣ አፍንጫውን በእኔ ሻሽ አሰረ። ስፕሬዩን እያንቀጫቀጨ ስስ አድርጎ ይረጫል፣ ወጥቶ ይተነፍሳል፣ ተመልሶ ይገባል። ከሰዓት በኋላ ጠራኝ። ጎኖቹ፣ ጭራው፣ የመብራቱ ዙሪያ፣ ሁሉም ያብረቀርቃል። የደረቱ ፕላስቲክ ግን ስፌቱ በነበረበት መስመር ላይ ቀለም አልይዝ ብሏል። ቅባት የነካው ሰሃን ላይ ውኃ እንደሚሸሽ ቀለሙ ወደ ዳር ይሸሻል፤ የሸሸበት ቦታ ትንንሽ ጉድጓድ ሆኖ ቀርቷል።

ኑርዬ አፍንጫውን ፈትቶ አሸተተው። «ቅቤ» አለ።

እናቱን ጠራቸው። «እማ፣ ይህንን ማን ነካው?»

«እኔ ነኝ» አሉ፣ ምንም ሳይደነግጡ። «ክሩን ያወጣህ ዕለት፣ ለመግሪብ መስጊድ ስትወጣ ቀባሁት። ላም ስትገዛ ግንባሯ ይቀባ የለም እንዴ? ሙሽራ ትቀባ የለም? ሰውየው ከሞት አፍ ነው የሚመለሰው፤ ዕቃው ደረቁን ይቀበለው? ደግሞ ስፌቴን ነቅለህ ቀዳዳውን ባዶ ተውከው። ባዶውን አይደር አልኩ፣ እየመረቅሁ ሞላሁበት።»

ኑርዬ በእናቱ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፤ ያን ዕለትም አላደረገም። ወጥቶ ባዶው በረት ውስጥ ተቀመጠ። እኔ በሁለቱም ተናደድኩ፤ በእሳቸው ስላልነገሩን፣ በእሱ ስፌቱን ስለነቀለ፣ ደግሞም እራት የማበስለው በየት በኩል እንደሆነ ያሰበ ሰው ስለሌለ።

እንደ ደንቡ ስቱኮውን ሁሉ አውጥቶ እንደገና መጀመር ነበረበት። ቀኑ ደርሷል፣ ቀለሙም አልቋል ማለት ይቻላል። በቲነር ነካ ነካ አድርጎ ጠረገና በቀረው ደጋግሞ ረጨበት። እንደምንም ሸፈነው። ጉድጓዶቹ ግን ቀረብ ብለው ካዩ አሉ።

«ከሩቅ አይታይም» አልኩት።

«እሱ ከሩቅ አይደለም የሚያየው» አለኝ።

ሌላውንም አሟላ። ወንበሩን አዲስ ቆዳ አሰፋለት፣ የመሪውን የእጅ ጎማ ለወጠ፣ ባትሪ ከሰው ለምኖ አመጣ። የጭስ ማውጫ ስላጣ ጎሚስታው ጋ የወደቀ የባጃጅ ጭስ ማውጫ አስበየደበት። ቅዳሜ ጧት ገጣጥሞ ግቢው መሐል አቆመው፣ አዲሱን ነጠላዬንም አልብሶ ሸፈነው። ጎረቤቱ ተሰበሰበ።

ከቀትር በኋላ ባጃጅ በራችን ላይ ቆመ። ሰሎሜ ቀድማ ወረደች፤ ፊቷ አብጧል፣ መናኸሪያ ላይ አልቅሳለች። ዞራ እጁን ያዘችው። ኃይለ ሚካኤል ከስቷል፤ ጥቁር መነጽር አድርጓል፣ ከግንባሩ እስከ ጆሮው የሚሄድ ጠባሳ አለበት። እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጎ፣ በእግሩ መሬቱን እየፈተነ ገባ። ዓይኑን የነካው ትንሽ አልነበረም። ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ያኔ ገባው።

ኑርዬ ብቻ አልገባውም፣ ወይም እንዳይገባው ፈለገ። ተሳሳሙ። «አልሐምዱሊላህ» አለ አንዱ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ሌላው። ከዚያ ኑርዬ «በል እየው» ብሎ ነጠላውን ገፈፈው።

ስኩተሩ ፀሐይ ላይ ቆሞ ያብለጨልጫል።

«ምኑን?» አለ ኃይለ ሚካኤል።

ኑርዬ ነጠላውን እንደያዘ ቀረ። ከተጋባን ጀምሮ እንደዚያን ቀን አዝኜለት አላውቅም።

«ስኩተርህን» አለ ቀስ ብሎ። «አደራህን ነው።» እጁን ይዞ መሪው ላይ አሳረፈለት።

ኃይለ ሚካኤል መሪውን ጨበጠ፣ ለቀቀ። «ይህ ጎማ የኔ አይደለም።»

«የድሮው አልቆ ነበር፣ ለወጥኩት።»

ወንበሩን ዳሰሰ። አዲስ ቆዳ ነው፣ ልሙጥ። «እስቲ አስነሳው» አለ። ኑርዬ በእግሩ መትቶ አስነሳው። የሚወጣው የባጃጅ ድምፅ ነው። ኃይለ ሚካኤል ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ሰማና አጥፋው አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አውራ ጣቱን በስኩተሩ ደረት ላይ አሳለፈ፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ እንደገና ወደ ላይ።

«ስፌቴስ?»

«ደፈንኩት። እንዳዲስ ይሁንልህ ብዬ።»

ኃይለ ሚካኤል ቀና አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻል ነበር። «ኑርዬ፣ የኔ ተወስዶ ከሆነ ተወስዷል በለኝ። በስኩተር አልሞትም። ሌላ ፈልገህ ያንተ ነው አትበለኝ።»

«ወላሂ ያንተ ነው።»

«አትማል። ሆስፒታል ሰው ሁሉ ሲምልልኝ ነው የከረመው። ፋሻው ሲፈታ ታያለህ አሉኝ፤ ተፈታ። ትንሽ ታገሥ አሉኝ፤ ታገሥኩ። እኔም ለሰሎሜ ትንሽ ነው አልኳት። ሰው ሲያዝንልህ ይዋሽሃል፣ ለምጄዋለሁ። አንተ ብቻ ባትጨመርበት።»

ጎረቤቱ ሁሉ «ያንተ ነው፣ ያንተ ነው» አለ። እኔም አልኩ። በአንድ አፍ ስላልነው ይበልጥ ውሸት መሰለ። ኑርዬ አደራ በላ ያለው ሰው የለም። የመጣበት ከዚያ የባሰ ነው፤ የጠበቀውን አደራ ይዞ ቆሟል፣ ባለቤቱ አልቀበልም አለ። የኃይለ ሚካኤል የነበረውን ሁሉ በገዛ እጁ ነቅሎ፣ ፈግፍጎ፣ ቀብቶ አጥፍቶታል።

«አሪፋ፣ ለልጄ ወንበር አምጪ» አሉኝ እትዬ አሲያ። አስቀመጡትና አመልካች ጣቱን ይዘው ስኩተሩ ደረት ላይ አኖሩት። «እዚህ ጋ ጥፍርህን ስደደው። ጫር አድርገው።»

«እማ» አለ ኑርዬ።

«አንተ ዝም በል።»

ኃይለ ሚካኤል ጫረ። ቀለሙ ከነስቱኮው ተነሣ፤ እንደ ደረቀ ጭቃ ተቀርፎ ጉልበቱ ላይ ወደቀ። ቅቤው አላስያዘውም። ጥፍሩ አንድ ቀዳዳ ውስጥ ገባ። ቆየ። ከጎኑ ያለውን ጫረ፣ ያም ተነሣ፣ ሌላ ቀዳዳ አገኘ። እየጫረ ወደ ታች ወረደ። ኑርዬ የሳምንት ሥራው እየተቀረፈ መሬት ሲወርድ ቆሞ አየ፤ እጁንም አላነሣም።

«ይህ የእትዬ አሲያ ወስፌ ነው» አለ ኃይለ ሚካኤል። «ይቺኛዋ ጠማማ ናት። ሲበሷት እጃቸውን አቃጥሏቸው ነበር።»

መነጽሩን አወለቀና ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ አለቀሰ። ሰሎሜ አለቀሰች፣ እኔም፤ ኑርዬ ነጠላዬን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ፣ ሰማያዊ እጁን ሁሉ ጠረገበት። እትዬ አሲያ ብቻ ወስፌና ክር ሊያመጡ ወደ ቤት ገቡ።

ሲመለሱ ኃይለ ሚካኤል ተረጋግቷል። «ቀለሙስ?» አለ።

«ሰማያዊ ነው፣ የድሮው ራሱ» አለች ሰሎሜ ቶሎ ብላ።

«ኑርዬ ይንገረኝ።»

ኑርዬ «የድሮው ነው» ቢል ማንም እንደማያስተባብልበት ያውቃል። «የድሮው አይደለም» አለ። «ይጠቁራል። ደሴ ያገኘሁት ይህንን ነው። የቀኙ ጎን ደግሞ ተጣሟል፣ ማቃናት አቃተኝ።»

«ምን ያህል ይጠቁራል?»

ኑርዬ አሰበ። «የድሮው ሐይቁ ጧት ነበር። ይህ ከዝናብ በፊት ነው።»

ኃይለ ሚካኤል ራሱን ነቀነቀ። «አየሁት» አለ።

እትዬ አሲያ ወስፌውን አግለው የተዘጋውን ቀዳዳ ይከፍታሉ። ኑርዬ ፕላስቲኩን ከጀርባው ደግፎ ያዘላቸው፤ የደገፈበትን የራሱን ሙጫና ጨርቅ ወስፌው ሲበሳው ምንም አላለም። ክሩ ጠበቅ ባለ ቁጥር ኃይለ ሚካኤል ይዳስሰዋል። ሲያልቅ ኑርዬ ከኪሱ ቁልፉን አውጥቶ መዳፉ ውስጥ አስቀመጠለት። ኃይለ ሚካኤል ጨበጠው።

«ሰኞ ዓሣ አለ?» አለ።

«ዓሣስ አለ። የሚያደርሰው ነው የጠፋው።»

«አንተ ትነዳለህ። እኔ ከኋላ እሆናለሁ።»

«እኔ መንዳት አልችልም፣ ታውቃለህ።»

«አስተምርሃለሁ» አለና ቁልፉን መልሶ ዘረጋለት። «ነገ ሐይቁ ዳር እንሄዳለን።»

ኑርዬ ቁልፉን ተቀብሎ አገላበጠው።

«ጀልባው አሁንም እዚያው ነው ያለ» አለ።

«የት እንዳለ አውቃለሁ» አለ ኃይለ ሚካኤል።